የመምህራን ጥያቄና መልስ፦ ከቴሌግራም የወረደ ዕቅድ ክፍል ሲገባ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ መምህራን በኢንተርኔት ስለሚለዋወጡት ሌሰን ፕላን ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የ5ኛ ክፍል ሂሳብ መምህርት ነኝ። ዕለታዊ ዕቅዴን ከቴሌግራም ቻናል አወርድና ስሜንና ሴክሽኑን ቀይሬ አስፈርማለሁ። ፊርማው ላይ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። ክፍል ስገባ ግን ዕቅዱ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ደወል ይደወላል። በአንድ ክፍል 62 ተማሪዎች አሉኝ። ምኑን ማስተካከል አለብኝ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መጀመሪያ የሚታየው ዕቅዱ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ወደ ትግበራ ከገባ በኋላም የድሮው መጽሐፍ ዕቅዶች ሽፋናቸው እየተቀየረ ይዞራሉ። የምዕራፉን ቁጥር፣ ርዕሱንና ገጹን ከያዙት መጽሐፍ ጋር ያመሳክሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ርዕሱ አንድ ሆኖ ገጹ ካልገጠመ የመልመጃዎቹ ቁጥርም አይገጥምምና፣ «መልመጃ 3.2ን ይሠራሉ» የሚለው መስመር ክፍል ውስጥ ያጋልጥዎታል።

ቀጥሎ ሰዓቱን ይቁጠሩ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆንም ተማሪ እስኪረጋጋና ስም እስኪጠራ 5 ደቂቃ፣ ለማጠቃለያና ለቤት ሥራ ደግሞ ሌላ 5 ይሄዳል። የሚቀርዎት 30 ነው። አብዛኛው የሚዘዋወር ዕቅድ «መምህሩ እየዞረ ደብተር ያያል» ይልና 5 ደቂቃ ይመድባል። ለአንድ ደብተር 15 ሰከንድ ብቻ ቢሰጡ እንኳ 62 ደብተር ከ15 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ደወሉ የሚቀድምዎት እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርገው ካስቀመጡ ከየቡድኑ አንድ ደብተር ይዩ። 12 ወይም 13 ደብተር በሦስት ደቂቃ ያልቃል። በሚቀጥለው ቀን ከየቡድኑ ሌላ ልጅ ይምረጡ፤ ማን እንደሚታይ አስቀድሞ አይታወቅ።

ሦስተኛው ዓላማው ነው። «ተማሪዎች ክፍልፋይ መደመርን ይረዳሉ» የሚል ዓላማ ሲያገኙ ይሰርዙት፤ መረዳታቸውን በምን ያውቃሉ? «ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ከ5 ጥያቄ ቢያንስ 4ቱን በትክክል ይደምራሉ» ብለው ቢጽፉ ግን የግምገማው ሣጥን አብሮ ይሞላል። ሱፐርቫይዘሩም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አሁን አንድ ገጽ ከፍተን እንየው። «ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮች መደመር» የሚለው ዕቅድ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ መምህሩ ሕጉን ያብራራል 10 ደቂቃ፣ ተማሪዎች በቡድን ይወያያሉ 15 ደቂቃ፣ መልመጃ ይሠራሉ 10 ደቂቃ። ስለምን ይወያያሉ? ዕቅዱ ላይ የለም። ጥያቄ ያልያዘ ውይይት በ62 ተማሪ ክፍል ውስጥ ጫጫታ ነው የሚሆነው።

ይህን ትምህርት ያስተማረ ሁሉ የሚያውቀው ስህተት አለ፤ ተማሪው 1/2 + 1/3 ሲባል ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታህቱን ከታህቱ ደምሮ 2/5 ይላል። ስለዚህ ሕጉን ከማብራራትዎ በፊት 1/2 + 1/3 ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሁሉም መልሱን ደብተሩ ላይ እንዲያሰፍር ያድርጉ (2 ደቂቃ)። ከዚያ «2/5 ያለ እጅ ያውጣ» ይበሉና ምንም ሳያርሙ ባለካሬ ደብተር ያስወጡ። እያንዳንዱ ቡድን 6 ካሬ በአንድ ረድፍ ይከልል። ግማሹ ስንት ካሬ ነው? 3። ሲሶውስ? 2። ሲደመር 5 ካሬ ከ6፣ ማለትም 5/6። ይህ ሁሉ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። አሁን ወደ 2/5 ተመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ለቡድን ይስጡ፦ «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» 2/5 ማለት 0.4 ስለሆነ ከ0.5 ያንሳል። ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ከግማሽ ሊያንስ እንደማይችል ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩታል፤ ለዚህ 4 ደቂቃ ይበቃል። ሕጉን ከዚያ በኋላ 6 ደቂቃ ያብራሩ፤ የተረፈው 10 ደቂቃ ለአምስቱ ጥያቄዎችና ለደብተር ማየት ነው።

ለካሬው 6ን የመረጥነው ለ2ም ለ3ም ስለሚካፈል ነው። የሚቀጥለው ምሳሌ 1/4 + 1/3 ከሆነ 12 ካሬ ያስፈልጋል። ይህን ዕቅዱ ላይ ካልጻፉት የሚመጣው ዓመት መምህር በ10 ካሬ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ይጣበቃል።

እንግዲህ ከቻናሉ ዕቅድ ሲያወርዱ የሚፈልጉት ሠንጠረዡን አይደለም፤ እሱን በ10 ደቂቃ ራስዎ ይሠሩታል። የሚያስፈልግዎ «ተማሪ እዚህ ላይ እንዲህ ብሎ ይሳሳታል» የሚለው መስመር ነው። ያ መስመር ያለበት ዕቅድ፣ ጽሑፉ በእጅ ተጽፎ በፎቶ የተላከ ቢሆን እንኳ፣ በቀለም ካሸበረቀው ይሻላል።

ጥያቄ፦ የወረዳችን መምህራን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ወደ 300 ሰው አለን። ፋይል ይላካል፣ ከሥሩ የበዓል መልእክትና ማስታወቂያ ይከመርበታል፣ ከሳምንት በኋላ «እባካችሁ ያ ዕቅድ ድጋሚ ይላክልኝ» ይባላል። እንዴት ሥርዓት ላስይዘው? (ከሐዋሳ ዙሪያ)

መልስ፦ ወሬና ፋይል አንድ ቦታ እስከተቀመጡ ድረስ ሥርዓት አይይዝም። አንድ ቻናል ይክፈቱና ማከማቻ ያድርጉት፤ እዚያ የሚለጥፉት እርስዎና ሁለት ሦስት የትምህርት ዓይነት ተጠሪዎች ብቻ ይሁኑ። ከዚያ በቻናሉ ማስተካከያ ውስጥ «ዲስከሽን» በሚለው በኩል ነባሩን ግሩፕ ያገናኙት። እያንዳንዱ ፋይል ሥር የአስተያየት መስጫ ይከፈታል። የማከማቻው ትልቁ ጥቅምም እሱ ነው፤ ዕቅዱን ክፍል ውስጥ የሞከረ መምህር የት እንደተበላሸበት እዚያው ሥሩ ይጽፋል፣ ቀጣዩ ሰው ዕቅዱንና ማስጠንቀቂያውን አንድ ላይ ያገኛል። ሌላም ጥቅም አለው፦ ግሩፕ ውስጥ የላኩትን ማረም የሚቻለው ለ48 ሰዓት ሲሆን በቻናል ላይ ግን አድሚን የድሮ ልጥፍን ከወራት በኋላም ማረም ይችላል። የገጽ ቁጥር ስህተት ሲገኝ አዲስ ፋይል ከመላክ ያው ልጥፍ ላይ ያለውን ይተኩት፤ አለበለዚያ የተሳሳተውም የታረመውም ጎን ለጎን ይዞራሉ።

ሁለተኛው የፋይል ስም ነው። «ዶክዩመንት1» ወይም «የእኔ ፕላን የመጨረሻው» የሚባል ፋይል አትቀበሉ። ቅደም ተከተሉን ወስኑና ፒን አድርጉት፦ የትምህርት ዓይነት፣ ክፍል፣ ምዕራፍ፣ ንዑስ ርዕስ፣ ዓመተ ምሕረት። ለምሳሌ «ሂሳብ_5_ም3_ክፍልፋይ መደመር_2017»። ከልጥፉ ሥር #ሂሳብ5 ብሎ ሃሽታግ ማድረግ ፍለጋን ያቀላል። ሃሽታግ ክፍተት አይወድም፤ #ሂሳብ 5 ብለው ከጻፉ የሚያዘው #ሂሳብ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ሂሳብ»፣ ሌላው «ሒሳብ»፣ ሦስተኛው «ሳይንስ»ን «ሣይንስ» ብሎ ይጽፋል። ለስልኩ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ሲፈልጉ ሌላውን አያመጣም። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ አንዱን መርጣችሁ ዝርዝሩን ፒን አድርጉ።

አዲስ አባል ሲገባ የቀድሞውን ማየት ካልቻለ ደግሞ፣ በግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ የአዲስ አባላት የቻት ታሪክ የሚለው ተዘግቶ ስለሆነ ይክፈቱት። «ያ ዕቅድ ድጋሚ ይላክልኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ ሰንፈው አይደለም፣ አይታያቸውም። በእጅ የተጻፈ ዕቅድ ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ ፎቶ ሲሆን ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ይደበዝዛል።

አንድ ነገር ግን ሳያመነቱ ይሰርዙ፦ የተማሪ ስምና ውጤት ያለበት ሮስተር፣ የልጆች ፊት የሚታይበት የክፍል ፎቶ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ገና ያልተሰጠ የሚድ ፈተናም እንዲሁ፤ 300 ሰው ካለበት ግሩፕ ወደ ተማሪ እጅ ለመድረስ አንድ ፎርዋርድ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ያወረድኩት የአማርኛ ዕቅድ ስከፍተው ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል። ስልኬ ነው የተበላሸው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ስልክዎ ደህና ነው። ፋይሉ የተጻፈው ዩኒኮድ (ሁሉም መሣሪያ በአንድ ዓይነት የሚያነበው የፊደላት ኮድ) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ የሌለበት መሣሪያ የሚያሳየው ከሥር ያለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በየትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ይኸው አሠራር እስከ ዛሬ አለ።

ቶሎ የሚሆነው መላ ላኪው ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ በወርድ ከፍቶ «ሴቭ አዝ» ብሎ ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲልክልዎ ነው። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ በማንኛውም ስልክ ይነበባል፤ ግን ማስተካከል ያስቸግራል። ዕቅዱን መቀየር ከፈለጉ ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ከተለወጠ በኋላ እንደ ሟ፣ ቷ፣ ኳ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። የአማርኛ ፊደል በአንድ የድሮ ፎንት ውስጥ አልበቃ ብሎ ለሁለት ይከፈል ስለነበር፣ ሁለተኛው ፎንት ላይ የነበሩት ሲለወጡ ይሳሳታሉ። የሂሳብ ዕቅድ ከሆነ ቁጥሩ መሳሳቱ ቀላል ነገር አይደለም። ለወደፊቱ በኒያላ፣ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ፎንት ይጻፉ፤ ሦስቱም ዩኒኮድ ናቸው።

ጥያቄ፦ ያዘጋጀሁትን የአንድ ሴሚስተር ዕቅድ በነጻ ለጠፍኩ። ሌላ ሰው ስሜን አጥፍቶ ይሸጠዋል። የማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት ደግሞ «ቀድሞውንም የእኛ ንብረት ነው» አለኝ። መብቴ ምን ድረስ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱን ለያይተን እንይ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ጥበቃ የሚጀምረው ሥራው እንደተሠራ ነው፤ ማስመዝገብ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ ግዴታ አይደለም። ስምን አጥፍቶ መሸጥ ክልክል ነው። ቢሆንም ጥበቃው የሚመለከተው አጻጻፍዎን ነው፤ «ክፍልፋይን በካሬ ማስተማር» የሚለው ሐሳብ የማንም አይደለም። ሰውየው ሐሳቡን ወስዶ በራሱ ቃል ከጻፈው መክሰስ አይችሉም።

የትምህርት ቤቱ ነገር ይከብዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት የሠራው ሥራ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው እንደሆነ አዋጁ ይደነግጋል። ዕለታዊ ዕቅድ ማዘጋጀት ደግሞ የመምህር የሥራ ድርሻ ነው። ስለዚህ የቅጥር ውልዎን ያንብቡ፤ ስለ ማስተማሪያ ጽሑፎች የሚናገር አንቀጽ ከሌለው «ዕቅዶቼን በስሜ፣ ለንግድ ባልሆነ መንገድ ከሌሎች መምህራን ጋር መጋራት እችላለሁ» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ከርዕሰ መምህሩ ያስፈርሙ። ርዕሰ መምህራን ይህን እምብዛም አይከለክሉም። የሚያስቆጣቸው ሳይነገራቸው የትምህርት ቤቱ አርማ ያለበት ወረቀት ቴሌግራም ላይ ሲያዩት ነው። አርማውን ያውጡ።

ከእንግዲህ ሲለጥፉ በየገጹ ግርጌ «ስም ጠቅሶ መጠቀምና ማስተካከል ይቻላል፤ መሸጥ አይቻልም» ብለው ይጻፉ። ክሪየቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ፈቃዶች ውስጥ ይህ «ስም ይጠቀስ፣ ለንግድ አይዋል» የሚለው ነው። «አይቀየር» የሚለውን ፈቃድ ግን አይምረጡ፤ ማንም መምህር ሳይቀይር የሚጠቀምበት ዕቅድ የለምና። ከሌላ ሰው የታተመ መጽሐፍ ለክፍል ማስተማሪያ በመጠኑ ማባዛትን አዋጁ ይፈቅዳል፣ ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ። የግል አሳታሚን መምሪያ ሙሉውን ስካን አድርጎ ቻናል ላይ መጫን ግን በዚህ አይሸፈንም።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ በቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ከ6 እስከ 12 ዓመት ናቸው፣ ሁሉም አንድ ክፍል። ከኢትዮጵያ ቻናሎች የማወርደው የ1ኛ ክፍል ዕቅድ አይሆንልኝም። ከሌሎች የውጭ አገር አስተማሪዎች ጋር ለመለዋወጥ ምን እናድርግ?

መልስ፦ የአገር ቤቱ የ1ኛ ክፍል ዕቅድ ልጁ አማርኛ እየተናገረ እንደሚመጣና በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ እንዳለው አድርጎ የተጻፈ ነው። የእርስዎ ልጆች በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚያገኙዎት፣ ግማሾቹም ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም። ስለዚህ የምትለዋወጡትን ዕቅድ በዕድሜም በክፍልም አትሰይሙ። ሦስት ምልክት ይበቃል፦ «ይሰማል»፣ «ይናገራል»፣ «ያነባል»። የ11 ዓመት ልጅ «ይሰማል» ላይ፣ የ7 ዓመቷ «ያነባል» ላይ ልትሆን ትችላለች።

ፊደሉን በተመለከተ፣ ብዙ ዕቅድ ከሀ እስከ ፐ በተራ ይሄዳል። 33 ፊደል በ7 ቤት 231 ነው፤ በሳምንት አንድ ረድፍ ቢሄዱ 33 ሳምንት ይፈጃል፣ ሀ ላይ የጀመረው ልጅም ፐ ሲደርስ ሀን ረስቷል። ተራውን በቃል እንዲሉት ያድርጉ፤ ንባብን ግን በቅርጽ ያስተምሩ። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ዘና ዠ፣ ደና ጀ፣ ጠና ጨ፦ አንዱን ያወቀ ልጅ የተጨመረውን ምልክት አይቶ ሌላውን ያገኛል። ካዕብና ሣልስ በአብዛኛው ሥርዓት አላቸው፤ ቡ፣ ሱ፣ ኩ ላይ ምልክቱ ጎን ላይ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኪ ላይ እግር ሥር ነው። ሳድስ ግን ሥርዓት የለውም፣ ብ፣ ል፣ ት እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ለመጨረሻ እንዳይተዉት ደግሞ ያለ ሳድስ ቃል አይነበብም፤ «ልጅ»፣ «ቤት»፣ «ውሃ» ሁሉም ሳድስ አለባቸው። ስለዚህ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ አራት አራት ሳድስ ከሚያስፈልጋቸው ቃል ጋር ያስገቡ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀን ልጁ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ያምጧቸው፤ ቀድመው ከመጡ «ለምን ሁለት ሰ?» በሚል ጥያቄ ቅዳሜው ያልቃል።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ላብራቶሪ የለንም። ከውጭ ድረ ገጽ የሚሆን ነገር አለ? ዳታውም ይከብዳል። (ከወልዲያ)

መልስ፦ አለ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው «ፌት» የሚባለው ገጽ የኤሌክትሪክ ዑደት መገንቢያን ጨምሮ ብዙ የሙከራ ማሳያዎችን በነጻ ይሰጣል። ማሳያውን አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታል፣ በብሉቱዝም ለባልደረባ ይላካል። ከዚያው ገጽ ላይ መምህራን ያጋሩት ዕቅድም አለ፤ የአሜሪካ ዕቅድ ስለሆነ ተማሪ ሁሉ ኮምፒውተር እንዳለው ያስባል። ፕሮጀክተር ካለ አንድ ላፕቶፕ ይበቃዎታል፤ ተማሪዎቹ አስቀድመው ደብተራቸው ላይ ይገምቱ። ባለ 9 ቮልት ባትሪና ባለ 10 ኦም ሬዚስተር ሲገናኙ ስንት አምፒር? ሁሉም ጽፎ ሲጨርስ ያብሩት፤ 0.9 ያሳያል። ሬዚስተሩን 20 ሲያደርጉት 0.45 ይሆናል። ግምት ሳያስጽፉ ካበሩት ተማሪው እንደ ፊልም አይቶት ይወጣል።

«ቴሳ» የሚባለው በእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የአፍሪካ መምህራን ስብስብ ደግሞ ብዙ ተማሪና ጥቂት መሣሪያ ላለው ክፍል ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ይበልጡን የሚጠቅመው ግን ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ነው። ከአሜሪካ በሚያወርዱት ዕቅድ ውስጥ ኢንችን ወደ ሴንቲ ሜትር (1 ኢንች 2.54 ሴ.ሜ. ነው)፣ ፋራናይትን ወደ ሴልሺየስ መለወጥ አይርሱ።

ለዳታው፦ ቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ «ዳታና ስቶሬጅ» ይግቡና በሞባይል ዳታ በራሱ የሚያወርደውን ያጥፉ። ቪዲዮ በየግሩፑ ሳይጠይቅዎ እየወረደ ነው ዳታውን የሚጨርሰው። የዕቅድ ፋይል ራሱ ከአንድ ፎቶ ብዙም አይበልጥም። ሳምንቱን የሚያስፈልግዎን ዋይፋይ ባለበት በአንዴ አውርደው «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ሳይሆን ስልኩ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት፤ የቴሌግራም ካሽ (መተግበሪያው ለጊዜው ስልኩ ላይ የሚያከማቸው) ሲጸዳ የወረደው ፋይል አብሮ ይጠፋና እንደገና በዳታ ማውረድ ይመጣል።